ሦስተኛው ዓምድ፦ የሶማሌ ተራ ቃላትና ተማሪዎቻችን



ዛሬ የምናገረው ስለ ቃላት ዝርዝር ነው። በአንድ ወገን እንግሊዝኛው፣ በሌላው ወገን አማርኛው እየተጻፈ፣ ተማሪ በቃሉ እንዲያጠናው ስለሚሰጠው ዝርዝር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በዚህ ከተማ ግን ለብዙ ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ከልቤ ነው የምናገረው። የመኪና ሙያ የሚማሩ ልጆቻችን ባለሁለት ዓምድ ዝርዝር አይበቃቸውም። ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልጋቸዋል። ያ ዓምድ እዚሁ መርካቶ፣ በመኪና መለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ፣ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይነገራል፤ በወጉ ተጽፎ ግን ለተማሪ እጅ አልደረሰም።

እስቲ ሁኔታውን እንየው። አንድ ሠልጣኝ የአውቶሞቲቭ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይማራል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ነው። «ሲሊንደር ሄድ ጋስኬት» የት እንደሚቀመጥ፣ ሲቃጠል ውሃና ዘይት እንዴት እንደሚቀላቀሉ አሳምሮ ያውቃል። ከዚያ ለልምምድ ጋራዥ ይገባል። ዋናው መካኒክ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «አንተ ልጅ፣ ሂድ ሶማሌ ተራ፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ አራት ፍሬ ካንዴላ፣ አንድ የኋላ ኩሽኔታ ይዘህ ና። ኦርጅናል ካለ ዋጋውን ደውለህ ንገረኝ» ይለዋል። ልጁ ከታዘዛቸው ሦስት ዕቃዎች አንዱንም በስሙ አያውቀውም። ዕቃዎቹን ግን ሦስቱንም ተምሯቸዋል፤ ምናልባትም በፈተና ሥዕላቸውን እየሣለ ሙሉ ነጥብ አግኝቶባቸዋል። «ምንድን ነው ያልከኝ ጋሼ?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። መካኒኩም «ኮሌጅ ምን አስተማሯችሁ?» ይላል። አንዱ ሌላውን በስንፍና ይጠረጥራል፤ በመካከላቸው የጎደለው ግን ቃል ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ወገን ጉዳት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመቱ በረዳትነት ጋራዥ ገብቶ የሁሉንም ዕቃ ስም እንደ ቤተሰቡ ስም የሚጠራ ልጅ አለ። ሞተር አውርዶ ይገጥማል። የአምራቹን መመሪያ ስትሰጡት ግን የሚያውቀውን ዕቃ በማያውቀው ስም ተጽፎ ያገኘዋል። ማታ ትምህርት ገብቶ የምስክር ወረቀት ልያዝ ቢል፣ ለዓመታት በእጁ የያዘውን ዕቃ እንደ አዲስ መማር ይጠበቅበታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ የዚህኛው ልጅ ነገር ነው። ዕውቀቱ ሙሉ ነው፤ እንግሊዝኛ ባለመሆኑ ብቻ እንደሌለ ይቆጠራል።

ወደ ቃላቱ እንምጣ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ሞላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶመጋላ። የመሣሪያ ሳጥኑን ስንከፍት ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ትራፓኖ እናገኛለን፤ ከሥሩ የተበተኑት ቪቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ ናቸው። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ነገሩ በጋራዥ አያበቃም። የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስንሄድ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ እንላለን። ታክሲ ስንይዝ «ጋቢና ሰው አለ?» እንላለን። ይህን ሁሉ የምንናገርበት ሰፈር ራሱ መርካቶ ይባላል።

ይህ የሆነበት ምክንያት ታሪክ ውስጥ አለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት መኪናና ባቡር የያዟቸው ስሞች በብዛት ፈረንሳይኛ ነበሩ። የጂቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር የሚለውን የጣቢያውን ስም ትቶልናል፤ ሹፌርና ጋራዥም ከዚያው ቋንቋ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት ግን አገሪቱ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ብዛት ያለው የጭነት መኪና ገባ፤ ለጦሩ መንገድ ተሠራ፤ ገበያውም ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደዚህ ወደ ምዕራቡ ተዛወረ። ጦርነቱ ሲያበቃ መኪኖቹ አብረው አልሄዱም፤ ጥቂት የማይባሉ ጣሊያናውያን ባለሙያዎችም ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፣ ብረት ሠሩ፣ ረዳት ቀጠሩ። በአስመራ ሙያውን የቀሰሙ መካኒኮችም ወደ መሃል አገር መጡ። ከዚያ በኋላ የገቡት መኪኖችም ያንኑ ቋንቋ ያጸኑ ነበሩ፦ አሮጌዎቹ ሾፌሮች ኤንትሬ እያሉ በቁጥራቸው የሚጠሯቸው የፊያት የጭነት መኪኖች፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ታክሲ ሆና የኖረችው ሴቼንቶ፣ በኋላም አምቼ የተባለው የመኪና መገጣጠሚያ የገጣጠማቸው። ሦስት ቁጥር በጣሊያንኛ ትሬ መሆኑን ያልተማረ የአገር ቤት ልጅ ኤንትሬ ሲመጣ ከሩቅ በድምፁ ይለየው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የዛሬው ነገሬ ሥሩ ያለው እዚህ ነው። እነዚህ ቃላት በጆሮ ነው የገቡት። ጣሊያናዊው ባለጋራዥ እጁን ዘርግቶ «ስጠኝ» ሲል ረዳቱ ሰማ፣ አቀበለ፣ ደገመ። ጽሑፍ አላየም። ይህንን የምናውቀው ቃላቱ ከያዙት መልክ ነው። ጣሊያኖች የመኪናን የኋላ ሣጥን ፖርታባጋሊ ይሉታል፤ ጓዝ ተሸካሚ ማለት ነው። በአማርኛ አፍ ገብቶ ፖርቶመጋላ ሆነ። የጎማ የውስጥ ላስቲክ ካሜራ ዳርያ ነበር፣ የአየር ክፍል እንደማለት፤ እኛ ከመነዳሪ አልነው፣ ካላማዳሪ የሚለውም አለ። የነዳጅ ታንኩ ሴርባቶዮ ሰልባቲዮ ሆነ፤ መስታወቱ ስፔኪዮ ስፖኪዮ ሆነ። ጽሑፉን ያየ ሰው እንዲህ አድርጎ አይለውጠውም። የሰማውን ለራሱ ምላስ እንዲመች አድርጎ የቀረጸው፣ በዕለት ሥራው የሚጠቀምበት ሰው ነው። ከዚያም በአማርኛ ሰዋስው አስገባው፦ ፍሬኑ፣ ጎማዎቹ፣ ባለፍሬቻ፣ ኩሽኔታው በላ። ኩሽኔታ ሲያልቅ «በላ» የሚለው አነጋገር ከሮም አልመጣም። ስለዚህ እነዚህን ቃላት «የጣሊያን ቃላት» እያልን ለይተን ማቆማችንን አልቀበለውም። አማርኛ ናቸው። ከሰማንያ ዓመት በላይ በአማርኛ ሠርተዋል።

ትርጉማቸውን ስንመረምር ደግሞ ለመምህር ትልቅ ሀብት አለባቸው። ካንዴላ በመነሻው ሻማ ነው፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፤ ባሌስትራ ቀስት መወርወሪያ ነው፤ ማርሚታ ድስት ነው፤ ፍሬቻ ቀስት ነው። በድሮ መኪኖች አቅጣጫ ማሳያው መብራት ሳይሆን ከመኪናው ጎን ብቅ የሚል ክንድ እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው የፍሬቻ ስም ራሱ ታሪክ ይነግረዋል። ባሌስትራ ተደራርቦ እንደ ደጋን የጎበጠ ብረት መሆኑን ያየ ተማሪ ስሙን አይረሳውም። መምህር ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ተማሪው ቃሉንም ዕቃውንም በአንድ ጊዜ ይይዛል።

እንግሊዝኛው በተቃራኒው በዓይን ነው የገባው። በመጽሐፍ፣ በካታሎግ፣ በካርቶን ላይ ጽሑፍ። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትና ከዚያም ተከትለውት የመጡት የሙያ ተቋማት ሲስፋፉ ክላች፣ ቤሪንግ፣ ጋስኬት፣ ስፓርክ ፕላግ የክፍል ቃላት ሆኑ። ከጃፓን መኪኖች ጋር ደግሞ ካታሎጉ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆነ። የሶማሌ ተራ ነጋዴ ይህን አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ ዕቃ አስመጪው ከዱባይና ከቻይና ሲያዝዝ በእንግሊዝኛ ስምና በፓርት ቁጥር ነው የሚያዝዘው። በእውነቱ ሁለቱን ዓለማት በየቀኑ የሚያገናኝ አስተርጓሚ ካለ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ «ዊል ቤሪንግ» አንብቦ ለደንበኛው «ኩሽኔታ» ብሎ ይሸጣል። በጭንቅላቱ የተሸከመው ያ ዝርዝር ነው ከሁለቱም ዓምዶች የሚበልጠው።

ከዚህ ላይ እንግሊዝኛው ራሱ አንድ አለመሆኑን ጨምሩበት። እንግሊዛዊው ቦኔት የሚለውን አሜሪካዊው ሁድ ይለዋል። እንግሊዛዊው ቡት የሚለውን አሜሪካዊው ትረንክ፣ እንግሊዛዊው ዊንግ የሚለውን አሜሪካዊው ፌንደር ይለዋል። ለአንድ ሠልጣኝ የሚሰጠው መጽሐፍ ከአሜሪካ፣ መኪናው ግን በእንግሊዝ አጠራር የተዘጋጀ መመሪያ ያለው ሊሆን ይችላል። በሶማሌ ተራ ግን ኮፈን ኮፈን ነው፣ ፓራፋንጎም ፓራፋንጎ ነው። አንድ ጽኑ ቃል ያለን እኛ ነን። ተማሪው ሁለቱን የእንግሊዝኛ ስሞች በዚህ በአንዱ ላይ ቢያስር ይቀልለዋል።

የባለሁለት ዓምድ ዝርዝር ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። ቃል ከሙያው ተነጥሎ ሲተረጎም ያሳስታል። አንድ ሠልጣኝ ናት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በተራ መዝገበ ቃላት ቢፈልግ ለውዝ የሚል ያገኛል፤ መካኒኩ የሚፈልገው ዳዶ ነው። ቡሽ ቁጥቋጦ ይሆንበታል፤ በአማርኛ ደግሞ ቡሽ የጠርሙስ መክደኛ ነው፤ በጋራዥ ግን ከብረቱ መካከል የሚገባው ቀለበት ነው፣ ላስቲክ ሲሆን ጎሚኒ ይባላል። ብሬክ ሹ የፍሬን ጫማ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን የፍሬን ሸራ ነው። ሸራ ከጣሊያንኛ ያልመጣ ቃል መሆኑንም ልብ በሉ። መሪ፣ ጥርስ፣ ሸራ፣ ጭስ ማውጫ፤ ጋራዡ ጣሊያንኛ ብቻ ሰብስቦ አልተቀመጠም፣ አማርኛው በተስማማው ቦታ አማርኛውን አስቀምጧል። እነዚህን የመረጠ ኮሚቴ የለም፤ የመረጣቸው ሥራው ነው።

ስለ መዝገበ ቃላት ስንናገር አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። የአማርኛ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ፤ አዘጋጁ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነበር። የቃላቱ ባለቤት ግን አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ተገናኙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በጎታ ከተማ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ እየጠየቀ አንዱ እየመለሰ ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ አረፉ፤ መጽሐፉን አላዩትም። ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ አለ። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ያ መጽሐፍ የተሠራው ቋንቋውን የሚኖርበትን ሰው በመጠየቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙ ናቸው። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንደን ላይ፣ ጉይዲ በ1901 ሮም ላይ አሳተሙ፤ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ለእንግሊዝኛ ተማሪ ከሁሉ የቀረበው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል፤ ስንት ትውልድ በእሱ እንደተማረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. አወጣ፤ ለዘመናዊ ዕውቀት የአማርኛ ስያሜ ለመስጠት የተደረገ ታላቅ ድካም ነው። አከብረዋለሁ። ነገር ግን ከላይ ወደ ታች የወረደ ስያሜ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። መንጃ ፈቃድ ፓተንቴን ተክቷል፤ ምክንያቱም ወረቀቱን የሚሰጠው መንግሥት ስለሆነ ስሙንም መስጠት ችሏል። ኩሽኔታን ግን መንግሥት አይሸጠውም። በእጁ ይዞት የሚሸጠው ሰው ስሙን አይተውም።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። አይስላንድ ሕዝቧ አራት መቶ ሺህ እንኳ የማይሞላ፣ በቋንቋዋ ግን እጅግ የምትቀና አገር ናት። መሐንዲሶቿ እ.ኤ.አ. በ1919 የቃላት ኮሚቴ አቋቁመው ለቴክኒክ ነገሮች ስም ማውጣት ጀመሩ። በ1965 ለኮምፒዩተር ስም ሲፈለግ የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ሲጉርዱር ኖርዳል ቁጥር የሚለውንና ጥንታዊት ነቢይት የሚለውን ቃል አጋጥሞ ቶልቫ አለው፤ አገሩ በሙሉ ተቀበለው። ለስልክ ክር የሚል ትርጉም የነበረውን የጥንት ቃል አንሥተው ሲሚ አሉት። የኛም ስልክ ከዐረብኛ ሲመጣ ትርጉሙ ክር፣ ሽቦ ነበር፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል።

ታዲያ በዚያች ቃል በምትጠብቅ አገር ጋራዥ ስትገቡ ምን ትሰማላችሁ? ጎማ በጽሑፍ ህዮልባርዲ ነው፤ መካኒኩ ግን ዴክ ይላል። ፍሬን በጽሑፍ ሄሚትል ነው፤ በአፍ ብሬምሳ። ፍሪሲዮን በጽሑፍ ቴንግስሊ ነው፤ በአፍ ኩፕሊንግ። ዴክም ብሬምሳም ኩፕሊንግም ከዴንማርክ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ዴንማርክ ደግሞ አይስላንድን ለዘመናት የገዛች አገር ናት። ካንዴላን ኬርቲ ይሉታል፣ እንደ ጣሊያኖቹ ሻማ ማለት ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ በኩል አይስላንድኛ ለሚማር የውጭ ሰው ሐቀኛ መምህር ምን ይሰጠዋል? እንግሊዝኛውን፣ የመጽሐፉን ቃልና የጋራዡን ቃል። ሦስት ዓምድ። ያ ተማሪ ህዮልባርዲን ብቻ ይዞ ጎማ ሊያስጠግን ቢሄድ መግባባቱ አይቀርም፤ የሚመለስለትን ግን አይሰማም። የኛም ልጅ «ቤሪንግ» ብሎ ሶማሌ ተራ ሲገባ ዕቃውን ያገኛል፤ ባለሱቁ ከጎኑ ላለው ሰው የሚናገረውን፣ ደላላው የሚለውን፣ መካኒኩ በስልክ የሚያዝዘውን ግን አይሰማም። ሙያ የሚማረው ደግሞ በዚያ በሚሰማው ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ዝርዝሩ እንዴት ይዘጋጅ?

በመጀመሪያ፣ በፊደል ተራ አይጀመር። መኪናው እንደሚፈታው ይጀመር፦ ሞተር፣ የኃይል ማስተላለፊያ፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ሞላና ባሌስትራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቦዲ። ሠልጣኝ ቃላትን የሚያገኛቸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ፍሪሲዮንን ሲማር አብሮት የሚገጠመው ቮላኖ አጠገቡ ይሁንለት። የፊደል ማውጫው ከኋላ ይቀመጥ።

ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ሥዕሉ ይኑረው። ይህን አጥብቄ የምለው ሶማሌ ተራ ራሷ ስላስተማረችን ነው። ልምድ ያለው ደንበኛ ስም ይዞ ብቻ አይመጣም፤ የተበላሸውን ዕቃ ፈትቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ለናሙና ይዞ ይመጣል። ባለሱቁም አገላብጦ ያየዋል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ይጠይቃል። ስም ደጃፉን ይከፍታል እንጂ ዕቃውን አይለይም። የኮሮላ የፊት ኩሽኔታና የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ ስማቸው አንድ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን ላይገባ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ከስሙ ቀጥሎ «ሲገዙ ምን ይጠየቃል» የሚል አንድ መስመር ሊኖረው ይገባል። የፊት ነው የኋላ? የቀኝ ነው የግራ? አዲስ ነው ያገለገለ? እንዲህ ያለ መስመር በሌሎች አገሮች የተማሪ መዝገበ ቃላት ላይ ላይኖር ይችላል፤ ለኛ ልጅ ግን ከትርጉሙ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የአጻጻፉ ነገር ክርክር ያስነሣል። ኩሽኔታ ወይስ ኩሺኔታ? ስፖኪዮ ወይስ ስፔኪዮ? ብሎን ወይስ ቡሎን? የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በብዛት የሚነገረው ዋና ይሁን፣ ሌላው ከሥሩ ይጠቆም። ወደ ጣሊያንኛው አጻጻፍ እናስተካክል የሚል ሐሳብ እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ፖርቶመጋላን ወደ ፖርታባጋሊ የሚመልስ መዝገብ ቢዘጋጅ በዚህ ሰፈር አንድም ሰው አያነበውም፤ አለማንበቡም ትክክል ነው።

ሰብሳቢዎቹ እነማን ይሁኑ? የሙያ ኮሌጅ ሠልጣኞችና የቋንቋ መምህራን አብረው። ሠልጣኙ ዕቃውን ያውቃል፣ መምህሩ ቃልን መመዝገብ ያውቃል። አንዱ ብቻውን ቢወጣ የጎደለ ይዞ ይመለሳል። የሚጠየቁትም ባለሱቆች ብቻ አይሁኑ። በዕድሜ የገፉት መካኒኮች፣ የድሮዎቹን የጭነት መኪኖች የነዱ ሾፌሮች፣ የብየዳና የጎሚስታ ቤት ሰዎች ከማንም በፊት ይጠየቁ። እነሱ የሚያውቋቸው ግን ዛሬ ከባንኮኒው የጠፉ ስሞች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ። ድምፅ መቅጃ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። አባትን «አባባ፣ ይህን ምን ትሉት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም።

ደግሞ በአማርኛ ብቻ አይቁም። ሶማሌ ተራ ውስጥ ሶማሊኛ፣ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስልጢኛ፣ ትግርኛ ይሰማል። በትግርኛ እነዚሁ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት በሌላ ድምፅ አሉ፤ ሶማሊኛም በደቡብ በኩል ከዚያው ቋንቋ ብዙ ወስዷል፣ ፓስታን ባስቶ ይለዋል። ተመሳሳዩ ዕቃ በአምስት አፍ ሲጠራ የሚሰማ ነጋዴ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የማይገኝ የቋንቋ ዕውቀት አለው። ይህን አንድ ቀን እኛው ካላጠናነው ሌላ የውጭ ሰው ያጠናዋል፤ በውጭ ቋንቋም ይታተማል፣ እንደ ሉዶልፍ ጊዜ።

ይህን ሥራ አስቸኳይ የሚያደርገውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ግን እየገቡ ነው። ይህ የቃል ለውጥም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ማርሚታ የለውም። ፍሪሲዮን የለውም፤ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ሰልባቲዮ የለውም። ከሰማንያ ዓመት በላይ የተከማቸው የቃል ሀብት ከፊሉ ከአዲሶቹ መኪኖች ጋር አይሄድም። ፍሬን፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን ይቀጥላሉ። አሮጌዎቹ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት በመንገድ ላይ ስለሚቆዩ ካንዴላም ነገ አይጠፋም። ግን ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሠልጣኝ አርባ ሲሞላው ማርሚታ የሚለውን ቃል ለማን ይናገረዋል? ካልተጻፈ ማንም አይነግረንም።

አዲሶቹስ ክፍሎች? ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ሣጥን፣ የባትሪው ሴሎች፣ የባትሪ ማቀዝቀዣው፣ መሙያው ከመኪናው የሚገናኝበት አፍ። አንዳንዱ ካርቶን በቻይንኛ ብቻ ተጽፎ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ በእንግሊዝኛ። ስማቸው ገና አልጸናም፤ አንዱ ኢንቨርተር ይላል፣ ሌላው ኮንትሮለር፣ ሦስተኛው «ያ ሣጥን» ብሎ በእጁ ያሳያል። ኩሽኔታ ኩሽኔታ የሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ረዳቱ የሰማውን ደገመ፣ ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ዛሬ ግን የሙያ ኮሌጆች አሉ፣ የቋንቋ መምህራን አሉ፣ በዚህ አዳራሽ ብቻ የተቀመጡት መካኒኮች ቁጥር ቀላል አይደለም። አማርኛው በሚስማማበት ቦታ አማርኛ ማስቀመጥ ይቻላል፦ የኃይል መሙያ አፍ ለማለት ማንም ቃል መበደር የለበትም። በማይስማማበት ቦታ ደግሞ የሚመጣውን ተቀብለን በአንድ አጻጻፍ እናጽና። ይህን ግን ስያሜው ባንኮኒ ላይ ሳይደርቅ፣ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ቅጾች አሉ። አራት ሳጥን አላቸው፦ በሶማሌ ተራ የሚጠራበት ስም፣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ምን እንደሚሠራ ማብራሪያ፣ ሲገዙ ምን ይጠየቃል። ሥዕል የሚችል በጀርባው ይሣል። የሱቅ ባለቤቶች ዛሬ አምስት አምስት ቃል ብትሞሉልን፣ መካኒኮች ደግሞ አሁን የማይነገሩትን የድሮ ስሞች ብታስታውሱን፣ ሠልጣኞቹ ነገ ጠዋት በየጋራዡ ከዚያው ይቀጥላሉ። አሁን ጥያቄ ያለው፣ እርማት ያለው፣ በተለይም እኔ ከጠራኋቸው ስሞች በሌላ መንገድ የሚጠራቸው ካለ፣ እጁን ያንሣ። ከኋላ ወንበር እንጀምር።